ሁለተኛው ሲዝን ሲጻፍ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ የአኒሜሽን ቤተሰብ ኮሜዲ እንዴት ይበስላል?

የቤተሰብ ኮሜዲ የመጀመሪያ ሲዝን መተዋወቂያ ነው። አባት ግዴለሽ፣ እናት ታጋሽ፣ ልጅ በጥባጭ፣ እህት ጎበዝ ተማሪ፤ ተመልካቹ ማን ማን እንደሆነ ይለያል፣ ይስቃል፣ ይወዳቸዋል። ጭንቁ የሚጀምረው ጣቢያው «ቀጥሉ» ሲል ነው። ሰዎቹ ታውቀዋል፣ ቀልዳቸውም ታውቋል። ከዚህ በኋላ ያው ቀልድ ይደገማል ወይስ ሰዎቹ ሌላ ሰው ይሆናሉ? ብዙ ተከታታይ ፊልም ከሁለቱ አንዱን መርጦ ይበላሻል።

ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ለማየት ከሲምፕሰንስ ሁለተኛ ሲዝን የተሻለ መማሪያ አላውቅም። ሲምፕሰንስ፣ አባት ሆመር፣ እናት ማርጅ፣ ልጃቸው ባርት፣ እህቱ ሊሳና ሕፃኗ ማጊ ያሉበት የአሜሪካ ካርቱን፣ በ1987 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በትሬሲ ኡልማን ሾው ውስጥ በአጫጭር ካርቱንነት ጀመረ። በታኅሣሥ 1989 የራሱን ግማሽ ሰዓት አገኘ፤ የመጀመሪያው ሲዝን 13 ክፍል ብቻ ነበረው። ሁለተኛው ከጥቅምት 1990 እስከ ሐምሌ 1991 በ22 ክፍሎች ታየ። የመጀመሪያውን ዛሬ መልሶ የሚያይ ሰው አንዳንዱ ክፍል ሳይሰለቸው አያልቅለትም። ሁለተኛው ላይ ግን ጸሐፊዎቹ ቤተሰቡን አውቀውታል፤ ማን በምን እንደሚጎዳ፣ ማን ምን እንደሚያፍር ገብቷቸዋል። የሚከተሉትን ስህተቶች የመዘዝኩት እነሱ ካመለጧቸው ወጥመዶች ነው።

የተወደደውን ገጸ ባሕርይ እስኪደርቅ መጭመቅ

በ1990 አሜሪካ ውስጥ ባርት ሲምፕሰን ከፊልሙም በላይ ገኖ ነበር። ቲሸርቱ በየሱቁ ተሰቅሏል። አንደኛው ቲሸርት ባርትን በስንፍናው የሚኮራ ተማሪ አድርጎ ስለሚያሳይ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች እንዳይለብሱት ከልክለው ነበር። እንዲህ ያለ ገበያ እጁ የገባ አዘጋጅ ቀላሉ መንገድ ይታየዋል፦ ባርት የባሰ ይበጥብጥ፣ አባባሎቹ ይደጋገሙ፣ ቲሸርቱ ይሸጥ።

የሲዝኑ መክፈቻ ይህንን ገልብጦ መጣ። ባርት አራተኛ ክፍልን ሊደግም ነው። ይፈራል። ከጎበዙ ማርቲን ጋር ተዋውሎ ሊማር ይሞክራል፤ ማርቲን ግን ጨዋታ ቀምሶ መጽሐፉን ይረሳል። ባርት በፈተናው ዋዜማ ተንበርክኮ አንድ ቀን ብቻ እንዲጨመርለት ይጸልያል። ሲነጋ ከተማው በበረዶ ተሸፍኖ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ባርት ሸርተቴውን ይዞ ሊወጣ ሲል ጸሎቱን የሰማችው ሊሳ መንገድ ላይ ታቆመዋለች። ከተማው በሙሉ ውጭ ሲጫወት እሱ ምድር ቤት ገብቶ ያነባል። ውጤቱ? 59። ኤፍ።

ባርት መምህሩ ፊት ያለቅሳል። እየተነፋረቀ ራሱን ጆርጅ ዋሽንግተን በ1754 ፎርት ኔሴሲቲ ላይ ለፈረንሳዮች እጁን ሲሰጥ ተሰምቶት ከነበረው ስሜት ጋር ያወዳድራል። ወይዘሮ ክራባፕል ይህን የሚያውቅ ተማሪ መኖሩ አስደንግጧት አንድ ነጥብ ትጨምርለታለች፤ ዲ ማይነስ። ሆመርም ኩራት በኩራት ሆኖ ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ይለጥፋል።

ባርት ጎበዝ ተማሪ አልሆነም፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ያው በጥባጭ ነው። እኛ ግን አንድ ነገር አውቀናል፦ ሞክሮም ይወድቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ስንፍናው ሁሉ ሌላ ቀለም አለው። ያንን ክፍል ከ33 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል። ያ ሁሉ ሕዝብ ለቲሸርቱ ባርት መጥቶ የሚያለቅስ ልጅ ጠበቀው። ድፍረት ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

ብስለትን ከለቅሶ ጋር ማምታታት

ዛሬ አንድ ካርቱን «በሰለ» ሲባል ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ሞተ፣ ባልና ሚስት ተፋቱ ወይም ሙዚቃው ዘገየ ማለት ሆኗል። የኮሜዲ ጸሐፊ በሁለተኛው ሲዝን «ቁም ነገረኛ» መባል ያምረዋል። ሐዘኑን ያመጣዋል፣ ሳቁን ግን በሩ ላይ ያስቀረዋል።

በሚያዝያ 1991 የታየውን የሊሳን ተተኪ መምህር ታሪክ ውሰዱ። የክፍሏ መምህር ትታመምና ሚስተር በርግስትሮም ይተካታል። ሊሳ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አእምሮዋን የሚያከብር ትልቅ ሰው አገኘች። ከሆመር ጋር ሙዚየም ሄደው በአጋጣሚ ሲያገኙት መምህሩ የአባትየውን ሁኔታ ያያል፤ ለብቻው ወስዶም ልጅቷ አባቷን እንደምትፈልግ ይነግረዋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ቋሚዋ መምህር ትመለሳለች። ሊሳ ባቡር ጣቢያ ትደርስበታለች፤ አጥብቃ ስትለምነው በወረቀት ላይ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ጽፎ ሰጥቷት ይሄዳል። ወረቀቱ ላይ ያለው የራሷ ስም ነው፤ አንቺ ሊሳ ሲምፕሰን ነሽ ይላል።

እስከዚህ ድረስ ማንኛውም ጥሩ ድራማ ሊሠራው ይችላል። ክፍሉን ኮሜዲ የሚያደርገው ጎን ለጎን የሚሄደው ታሪክ ነው። ባርት ለክፍል አለቃነት ይወዳደራል፣ ተማሪው ሁሉ ያብድለታል፣ ከዚያ በምርጫው ቀን ደጋፊዎቹ አንዳቸውም ድምፅ ሳይሰጡ ይቀራሉ። ማርቲን በሁለት ድምፅ ያሸንፋል። እህቱ እውነተኛ ሰው ስታጣ ወንድሙ ባዶ ጭብጨባ ይዞ ይቀራል። ሁለቱ ታሪኮች አይጠቃቀሱም፤ ግን አንዱ ሌላውን ያሳያል።

ከዚያ የማዕድ ሰዓት ይመጣል። ሊሳ አባቷን ዝንጀሮ ብላ ትሰድበዋለች፣ ያውም ደጋግማ። ሆመር ክፍሏ ሄዶ ምን እንደሚል አያውቅም፤ ያለውን ተናግሮ ተናግሮ በመጨረሻ እንደ ዝንጀሮ እየሆነ ያስቃታል። የተሰደበበትን ቃል ለልጁ መሳቂያ አደረገው። ከዚያ ወደ ባርት ይሄዳል፣ ያጽናናዋል። ማጊንም ጡጦዋን ሰጥቶ ያባብላታል። ማርጅ ስለ ቀኑ ልታወራው ስትል ዕድሌ ሳይበላሽ ቶሎ እንተኛ ይላታል። በሕይወቱ እንዲህ ተሳክቶለት አያውቅማ። ሐዘኑና ቀልዱ ከአንድ ሰው ጠባይ ስለመጡ አይጣሉም። ስክሪፕታችሁ ላይ የሚያሳዝነውን ትዕይንት ስትጽፉ ቀልዱን አውጥታችሁ ከጣላችሁ፣ ቀልዱ መጀመሪያውኑ ከሰዎቹ የመነጨ አልነበረም ማለት ነው።

መጨረሻ ላይ መስበክ

ሽማግሌ መጥቶ ምክር ሰጥቶ የሚያልቅ ድራማ ለለመድን ሰዎች ይህ ስህተት አይታየንም። የሲዝኑ መዝጊያ ክፍል በዚህ ላይ ይቀልዳል። የሆመር አለቃ ሚስተር በርንስ በጠና ታሞ ከባርት ደም ወስዶ ይድናል፤ ትልቅ ጉርሻ የጠበቀው ሆመር የምስጋና ካርድ ብቻ ይደርሰዋል፤ ተናዶ የስድብ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ብዙ ከተሽከረከረ በኋላ ሽማግሌው ከጥንት ኦልሜኮች የተገኘ ግዙፍ የድንጋይ ራስ ይልክላቸዋል። ቤተሰቡ ሳሎኑን የሞላውን ድንጋይ ከብበው የታሪኩ ትምህርት ምን እንደሆነ ይከራከራሉ። አይስማሙም። መጨረሻ ላይ የደረሱበት እንዲሁ የሆነ ነገር ሆነ የሚል ነው። ባለፉት 21 ክፍሎች ሰዎቹን ባናውቃቸው ኖሮ ይህ መዝጊያ ማምለጫ ይመስል ነበር።

ትዝታ የሌለው ቤተሰብ

በአኒሜሽን ልጆች አያድጉም። ባርት ሁልጊዜ 10፣ ሊሳ 8 ዓመቷ ነው። ከዚህ የሚመጣው ስህተት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጸሐፊ በየሳምንቱ ሁሉን ነገር አጥቦ ይጀምራል፣ ማንም የሆነውን አያስታውስም። ሌላው ደግሞ ሲዝኑን «ከባድ» ለማድረግ ብሎ ሥራ ያስቀይራል፣ ቤት ያስለቅቃል፣ ሦስተኛ ልጅ ያስወልዳል። ኮሜዲው የቆመበትን ወለል ራሱ ይነቅለዋል።

በጥር 1991 የመጣው መፍትሔ ወደ ኋላ መሄድ ነበር። ቴሌቪዥኑ ይበላሻል፤ ልጆቹ ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸዋል፤ ማርጅ ከአባታቸው ጋር እንዴት እንደተገናኙ ማውራት ትጀምራለች። ዘመኑ 1974። ሆመር መጸዳጃ ቤት ሲያጨስ ተይዞ፣ ማርጅ ደግሞ በሴቶች መብት ሰልፍ ላይ ጡት መያዣ አቃጥላ፣ ሁለቱም ከትምህርት ሰዓት በኋላ ቅጣት ላይ ናቸው። ሆመር ፈረንሳይኛ አስጠኚኝ እያለ ይዋሻታል፤ ትምህርቱን ጨርሶ አይወስድም። ሲናዘዝ ታባርረዋለች። የምረቃ ጭፈራው ላይ ከጎበዙ ከአርቲ ዚፍ ጋር ትሄዳለች። አርቲ መኪና ውስጥ እጁን መሰብሰብ ሲያቅተው ማርጅ ቤቷ እንዲያደርሳት ታደርጋለች፤ ከዚያ በራሷ መኪና ተመልሳ በእግሩ ወደ ቤቱ የሚሄደውን ሆመርን ታነሳዋለች። የተቀደደ የቀሚሷን ማንጠልጠያ ለእሷ ብሎ በገዛው አበባ ይይዝላታል።

ይህ ክፍል የዛሬውን ቤተሰብ በአንዲት ነገር አልቀየረም። ይሁንና ከመጀመሪያው ሲዝን ጀምሮ ሁላችንም የምንጠይቀውን ጥያቄ መለሰ፦ ይህች ሴት ይህንን ሰው ምን ብላ አገባች? ከዚያ ወዲህ ሆመር ባጠፋ ቁጥር የምናየው አጥፊ ባል ብቻ አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ ይህ ትዝታ ምን ያህል ውድ እንደሆነ የታወቀው ሲነካ ነው። በ2008 የሆመርንና የማርጅን ወጣትነት ወደ 1990ዎቹ ያመጣ ክፍል ሲታይ ብዙ አድናቂዎች ተቆጡ። የልጆቹ ዕድሜ ካልጨመረ የወላጆቹ ወጣትነት ወደፊት መግፋቱ በስሌት ትክክል ነው። ተመልካቹ ግን ስሌት አልጠየቀም።

ስለሚሳል ብቻ ሁሉን ነገር መሳል

ብዕርና ወረቀት ሁሉን ይችላል። ሰው ይበራል፣ ቤት ይፈነዳል፣ በሚቀጥለው ትዕይንት ሁሉም ደህና ነው። በጀት የማያግደው ጸሐፊ በሁለተኛው ሲዝን ወደ ጨረቃ መሄድ ያምረዋል። ነገር ግን አካል የማይጎዳበትና ገንዘብ የማያልቅበት ቤት ውስጥ የቤተሰብ ኮሜዲ መሠረት ያጣል፤ ኪራይ፣ ጥርስ ሕመም፣ የአለቃ ቁጣ ምንም አይመዝኑም።

ሆመር የከተማቸውን የስፕሪንግፊልድን ገደል በስኬትቦርድ የሚወድቅበትን ትዕይንት ያላየ ይፈልገው። ልጁ ሊዘል ሲል ከልክሎት ራሱ ሳያስበው ተንሸራቶ ይሄዳል። አየር ላይ ሳለ የሚሻገር ይመስለዋል። ከዚያ ይወድቃል፤ ከአለት አለት እየተላተመ እስከ ታች። ሄሊኮፕተር ያወጣዋል፣ አምቡላንስ ይጭነዋል፣ አምቡላንሱ ዛፍ ይገጫል፣ ቃሬዛው ተንሸራቶ እንደገና ገደል ይገባል። ርዝመቱ ነው የሚያስቀው፤ የሚያስቀውም ስለሚያም ነው። መጨረሻ ላይ ሆመርን ሆስፒታል አልጋ ላይ ተጠቅልሎ እናገኘዋለን።

ያው ሲዝን ለማይቻለው ነገር ለብቻው ቦታ ሠራለት። በጥቅምት 1990 ለሃሎዊን በዓል የመጀመሪያው የአስፈሪ ታሪኮች ክፍል ታየ፤ ሦስት አጫጭር ታሪኮች፣ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን፣ የኤድጋር አላን ፖ የቁራው ግጥም ጭምር። ማርጅ መድረክ ላይ ወጥታ ወላጆችን ታስጠነቅቃለች፣ ከዚያ ምንም ነገር ይፈቀዳል። በሚቀጥለው ሳምንት ዓለሙ ወደ ሕጉ ይመለሳል። ጸሐፊው እብደቱን እንዲያወጣ ዓመት በዓል ሰጥተውታል ማለት ይቻላል።

አዲስ ሰው በጅምላ ማስገባት

ሐሳብ ያለቀበት ሲዝን የአጎት ልጅ ያመጣል። ሲምፕሰንስም በሁለተኛው ሲዝን ብዙ ሰው አስገብቷል፤ ዶክተር ሂበርት፣ ጠበቃው ላየነል ሃትዝ፣ ዶክተር ኒክ፣ አትክልተኛው ዊሊ፣ ከንቲባ ኪምቢ፣ የኮሚክ መጻሕፍት ሻጩ። ልዩነቱ ሁሉም በሥራ ምክንያት መግባታቸው ነው። ባርትን የሚስተር በርንስ መኪና ይገጨዋል፤ ጉዳይ አሳዳጅ ጠበቃ ያስፈልጋል፣ ሃትዝ መጣ። ጉዳቱን የሚያጋንን ሐኪም ያስፈልጋል፣ ኒክ መጣ። ከንቲባው በረዶውን ለማወጅ መጣ። ከተማ የሚሞላው እንዲህ ነው።

ከአዲሶቹ ይልቅ ግን የነበሩትን ማጥለቅ ይከብዳል። ርእሰ መምህር ስኪነር በመጀመሪያው ሲዝን ባርትን ከመቅጣት ሌላ ሕይወት አልነበረውም። በሁለተኛው ከማርጅ እህት ከፓቲ ጋር ፍቅር ይይዘዋል፤ ጋብቻ ይጠይቃል፤ ፓቲ መንትያዋን ሰልማን ብቻዋን መተው አልችልም ብላ እምቢ ትለዋለች። ከዚያ በኋላ ቢሮው ውስጥ ባርትን ሲቆጣ የምናየው ሰው ትንሽ ይለያል።

ተፎካካሪውን መምሰል

የቴሌቪዥን ጣቢያው ፎክስ ሲዝኑን ከእሁድ ወደ ሐሙስ ምሽት አዛውሮ ከኮዝቢ ሾው ጋር ፊት ለፊት አጋጠመው። ያኛው ሐኪም አባትና ጠበቃ እናት ያሉበት የተደላደለ ቤት ነበር። ሲምፕሰንሶች ቤታቸውን ለማሳመር አልሞከሩም፤ ዕዳቸውን ይዘው ቀረቡ። ሌላ የምለው የለኝም።

ለተቺ በንዴት መልስ መስጠት

በ1990 የወቅቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባለቤት ባርባራ ቡሽ ለፒፕል መጽሔት በሰጡት ቃለ መጠይቅ ፊልሙን ክፉኛ አጣጣሉት። አዘጋጆቹ በማርጅ ስም ትሑት ደብዳቤ ጻፉላቸው፤ ወይዘሮዋም ይቅርታ የጠየቁበት ደግ መልስ ላኩ። ይህ ከስክሪኑ ውጭ ያለው ነው።

ስክሪኑ ላይ የሆነው የበለጠ ያስተምራል። ወላጆች ካርቱኑ ልጆቻችንን ያበላሻል ይሉ ነበር። ጸሐፊዎቹ ያንን ክርክር ወስደው ለሞኝ ገጸ ባሕርይ አልሰጡትም፤ ለማርጅ ሰጧት። ሕፃኗ ማጊ በቴሌቪዥን ያየችውን ደም የሚያፈስ የድመትና የአይጥ ካርቱን አስመስላ አባቷን በመዶሻ ራሱ ላይ ትመታዋለች። ማርጅ ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ሰልፍ ትመራለች፣ ታሸንፋለችም። ካርቱኑ ለዝቦ ልጆች ወደ ደጅ ወጥተው ሲጫወቱ የሚታዩበት ትዕይንት በቤትሆቨን ስድስተኛ ሲምፎኒ የታጀበ ነው፤ ማርጅ ትክክል ልትሆን እንደምትችል ፊልሙ አልደበቀም። ከዚያ የሚኬላንጄሎ ዳዊት ሐውልት ወደ ከተማው ይመጣል። የሰልፉ ጓደኞቿ ዕርቃን ነውና ይታገድ ይላሉ፤ ማርጅ ሐውልቱን ትወደዋለች። አንዱን እየከለከለች ሌላውን መፍቀድ እንደማትችል ሲገባት ትተወዋለች። ተቺያችሁን በሲዝኑ ውስጥ መልሱለት ብትባሉ፣ ሐሳቡን ከገጸ ባሕርያቱ ሁሉ ይበልጥ ለምትወዱት ሰው ስጡት።

ድምፁንና ስዕሉን «አልቋል» ማለት

ከሲምፕሰንስ የመጀመሪያ ሲዝን ቀድሞ የተሠራው ክፍል ከአኒሜሽን ስቱዲዮ ሲመለስ እጅግ ስለተበላሸ አብዛኛው እንደገና ተሠርቶ በሲዝኑ መጨረሻ፣ በግንቦት 1990 ታየ። የሚስተር በርንስ ረዳት ስሚዘርስ በአንድ የመጀመሪያው ሲዝን ክፍል በቀለም ስህተት ጥቁር ሰው ሆኖ ወጥቶ ነበር። የሆመርን ድምፅ የሚሰጠው ዳን ካስተላኔታ የተዋናይ ዋልተር ማታውን ድምፅ እየመሰለ ነበር የጀመረው፤ በዚያ ድምፅ ግን ሆመርን ማስለቀስም ማስጮህም አስቸገረው፣ ለወጠው። በሁለተኛው ሲዝን ድምፁ ረግቷል። ተመልካች ለምዶታል ብሎ መፍራት ነበረ፤ ባይቀየር ኖሮ ያ የዝንጀሮ ትዕይንት በምን ድምፅ ይሠራ ነበር?

ብዛትን እንደ እድገት መቁጠር

በዚህ ላይ ከሲምፕሰንስ ወጥቼ ሌላ የአኒሜሽን ቤተሰብ ኮሜዲ፣ ቦብስ በርገርስን ልጥራ። በጥር 2011 የጀመረው ይህ የሎረን ቡሻርድ ሥራ የመጀመሪያ ክፍሉ የሰው ሥጋ በበርገር ውስጥ አለ በሚል ወሬ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ለማስደንገጥ የሚሮጥ አጀማመር ነበር። ሁለተኛው ሲዝን ከመጋቢት እስከ ግንቦት 2012 የታየ ሲሆን 9 ክፍል ብቻ ነው፤ ከመጀመሪያው በአራት ያነሰ። ማስደንገጡ ቀንሷል፣ ቤተሰቡ ተጠጋግቷል።

ከእነዚያ 9 አንዱ የበኩሯን የቲናን ታሪክ ይዟል። ቲና በድብቅ ስለምታውቃቸው ልጆች የፍቅር ታሪክ ትጽፋለች። አዲስ ጓደኛዋ ታሚ ደብተሩን ታገኝና ያልኩሽን ካላደረግሽ ለትምህርት ቤቱ አነበዋለሁ እያለች ታስፈራራታለች። ቲና እየፈራች ብዙ ትታዘዛለች። በመጨረሻ ተማሪው በሙሉ ፊት ቆማ፣ በዚያ በማይለዋወጥ ድምፅዋ፣ ከደብተሯ ራሷ ታነባለች። በመጀመሪያው ሲዝን እንደ አንድ ዓይነት የሳቅ ማስነሻ የነበረው የቲና አጉል የፍቅር ምናብ እዚህ ላይ ሙሉ ታሪክ ተሸክሟል። ልጅቷ ምንም አልተቀየረችም፣ ያንኑ ታሪክ መጻፏንም አላቆመችም።